የአክስቴ ምክትል የጠፋ ሰሞን

አክስቴ ሰው አታምንም። ይሄን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም፤ እሷ ራሷ ብትሰማኝ «ማነው እንድትናገሪ የላከሽ?» ነው የምትለኝ። ደህና አደርሽ ሲሏት እንኳ ቶሎ አትመልስም። መጀመሪያ የሰውየውን ፊት ታያለች፣ ቀጥላ እጁን ታያለች፣ ከዚያ «ደህና ነኝ፤ ምነው ዛሬ?» ትላለች። አንዴ ጠራራ ፀሐይ ላይ ጃንጥላ የያዘ ደንበኛ መጣ። ሰውየው ዋጋ ተነጋግሮ፣ ጨርቅ መርጦ እስኪሄድ ድረስ ዓይኗን ከጃንጥላው አልነቀለችም።

ሥራዋ ሶፋ ማልበስ ነው። የተቀደደ፣ የሰመጠ፣ ልጆች የጨፈሩበት ሶፋ ይመጣላታል። ልብሱን ገፍፋ፣ ሞላውን አጥብቃ፣ ስፖንጁን ቆርጣ፣ አዲስ አልብሳ ትመልሰዋለች። እኔ ትምህርቱን ከተውኩ ጀምሮ እዚያው ስፌት መኪናው ላይ ነኝ። እሷ ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ስትሠራ ጥቃቅን ምስማር በከንፈሯ ትይዛለች፤ አንድ በአንድ በምላሷ እየገፋች ታወጣና በመዶሻ ትመታለች። እያወራች ነው ታዲያ። «እም... ቀለም ቀቢው... እም... ዛሬ ስቋል... እም... ለምን ሳቀ?» ትላለች። ለማያውቃት ሰው አንደበቷ የታሰረ ይመስላል።

እንዲህ ሆና ግን አልተወለደችም። ባሏ አናጺ ነበር። እሱ የሶፋውን ፍሬም ይሠራል፣ እሷ ታለብሳለች፣ በመጨረሻ ሶፋው ይገለበጥና ከሥር ያለውን ጥቁር ጨርቅ እሱ ይመታል። «መጀመሪያ የነካሁት እኔ፣ መጨረሻ የምነካውም እኔ» ይል ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ደረቴን አለ፣ ጋደም አለ፣ በዚያው ቀረ። አክስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ጭራሽ አትበላም አልልም፣ እናቴ ስትለምናት ትቀማምሳለች። ቃል ግን አይወጣትም። የሚያጽናና ሰው ይመጣል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ይሄዳል። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ ማለት ነው፣ «እኔ ጋ ትምጣ፣ ሱቁም ይከራይ» ማለት የጀመረው ያኔ ነው።

ያስነሳት ሬዲዮ ነው። እናቴ ዝምታው ጨንቋት ከፍታው ወደ ጓዳ ገባች፤ መርማሪው ባለ ካባ የሚባል የቅዳሜ ተከታታይ ድራማ እየተላለፈ ነበር። ሰውየው ወፍራም ድምፅ አለው፣ ጉንፋን የያዘው በርሜል በሉት። የዚያን ቀን አንዲት ሀብታም አሮጊት ሻይ ጠጥታ ድፍት ትላለች፣ ዘመድ ሁሉ ይላቀሳል። ባለ ካባው ክፍሉን ዞር ዞር ይልና «የሚያለቅሰውን አጽናና፤ የሚያጽናናውን ጠርጥር» ብሎ ለሳምንት ይቀጥራል። አክስቴ ከግድግዳው ዞረች። ከስንት ጊዜ ዝምታ በኋላ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «የወንድሟ ልጅ ነው» የሚል ነው።

እናቴ ደነገጠች። «የማን ወንድም?» አለቻት።

«የአሮጊቷ ነዋ። ሻዩን ያፈላው እሱ አይደል?»

በቃ፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ የምትኖርበት ምክንያት አገኘች። ያ ቅዳሜ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ቅዳሜ አለ። ቀጥሎ መጽሐፍ መጣ። ሽፋኑም የመጀመሪያ ገጾቹም የተገነጠሉ ስለሆነ ስሙን እስከ ዛሬ አናውቀውም። መርከቧ ተሰብሮባት ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ብቻዋን ስለቀረች ሴት ነው። ሴትየዋ ሸራውን በጥርሷ ቀድዳ ድንኳን የሠራችበት ቦታ ላይ ስትደርስ አክስቴ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ደፋችው። «ይቺ በጥርሷ ቤት ከሠራች፣ እኔ መቀስ እያለኝ ሶፋ ማልበስ ያቅተኛል?» አለች። በማግስቱ ሱቁን ከፈተች። ጥቁሩን ጨርቅም ከዚያ ጀምሮ ራሷ ነች የምትመታው። እኔም ብሆን፣ ማንም ቢሆን፣ መዶሻውን አንስቶ ወደ ጥቁሩ ጨርቅ መጠጋት የለም።

ድመቱም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ግራጫ፣ አንድ ጆሮው የተበላ፣ የሰው ፊት አፍጥጦ የሚያይ ድመት። ዝናብ ሸሽቶ ገባ፣ የስፖንጅ ክምር ላይ ወጣ፣ አልወርድም አለ። አክስቴ መጀመሪያ ማን ልኮብኝ ይሆን ብላ ነበር። ሲተያዩ ቆዩና «ይሄ እንደኔው ነው፣ ማንንም አያምንም» አለች። ምክትል አለችው፤ የእሷ ምክትል። አዲስ ደንበኛ ሲገባ ምክትል ጫማውን ያሸታል። አሽትቶ ከተኛ ሥራው ይያዛል፤ አሽትቶ ከሸሸ አክስቴ ያን ሰሞን ሥራ ይበዛባታል። ስትተኛ ትከሻዋ ላይ ካልተጋደመ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

አጎቴን ግን ድመት ያስነጥሰዋል። በመጣ ቁጥር መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ «እታለም፣ እኔ ቤት ድመት አይገባም፤ ልጆቹንም ያስላቸዋል» ይላል። እሷም «እንግዲያው እኔም አልገባም» ትላለች። ነገሩ እዚያ ላይ ቆሞ ነበር። ምክትል ካለ ሱቁ አለ፣ ሱቁ ካለ አክስቴ አለች።

እና ቅዳሜ ዕለት ምክትል ጠፋ።

ለአንዲት የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ፣ ሰው ተራ የሚጠብቅበት ረጅም ሶፋ እየጨረስን ነበር። ጠዋት አጎቴ ብቅ ብሎ ስለ ሱቁ አንስቶ፣ አስነጥሶ ሄዷል። ከሰዓት አክስቴ እንደ ልማዷ ሬዲዮውን ከፍታ የመጨረሻውን ምስማር መታች። የጭነት መኪናው መጣ። ሹፌሩ ዘፈኑን ለመንደሩ ሁሉ ለቆታል፣ ሲጭኑ እንኳ አልቀነሰውም። ሶፋው ሄደ። ሱቁን ስንጠርግ አክስቴ ወተቱን በሳህን አድርጋ ጠራችው። ሁለተኛ ጠራችው። ሳህኑ ሲነካ ከየትም የሚመጣ ድመት አልመጣም። ከስፖንጁ ጀርባ አየን፣ ከጣውላው ሥር አየን፣ ጣሪያውም ላይ ወጣሁ። የለም።

አክስቴ አላለቀሰችም። ድምፅዋ ብቻ ወፈረ። «ይሄ የሰው ሥራ ነው» አለች።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ጎረቤታችን ቀለም ቀቢው ነው። ምክንያትም አላት። በዚያው ሳምንት ምክትል፣ ቫርኒሹ ያልደረቀ ቁም ሳጥን ላይ ከዳር እስከ ዳር ተራምዶበታል። ቀለም ቀቢው ንግግሩን ሁሉ «ማለት ነው» በሚለው ነው የሚዘጋው፤ ያን ቀንም «ይሄን ድመት አንድ ቀን ራሱን ነው ቫርኒሽ የምቀባው፣ ማለት ነው» ሲል ሰፈሩ ሰምቷል። አሁን በሩን ሊዘጋ ሲል ደረስንበት። ጆንያ ተሸክሟል። ጆንያው ሆዱ ያበጠ ነው።

አክስቴ ከኋላው ዞረች። ባለ ካባው ሰው ሲጠይቅ ከኋላ ነው የሚዞረው። ከሰዓት የት እንደዋለ ጠየቀችው፤ እዚሁ ነው አለ። ድመት አይቶ እንደሆነ ጠየቀችው፤ የቱን ድመት አለ። «ባንድ ሰፈር ስንት ባለ አንድ ጆሮ ድመት አለ?» አለችው። ላቡ መጣ። ጆንያውን እንዲፈታ ስትለው የግል ዕቃዬ ነው ብሎ ጥብቅ አድርጎ ያዘው፤ ያኔማ እኔም ጠረጠርኩ። ስንጓተት ተፈታ። የሞላው ስፖንጅ ነው። የእኛው ስፖንጅ፣ የእኛው ቁርጥራጭ።

«የጣላችሁትን ነው የወሰድኩት፣ ማለት ነው፤ ለትራስ፣ እትዬ» አለ ቀለም ቀቢው። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

አክስቴ ስፖንጁን አንድ በአንድ ጨምቃ አየች፤ ድመት የሚደበቅበት መጠን አይደለም። ግን አልለቀቀችውም። ወደ ቤት ስንሄድ «ዛሬ ቁርጥራጭ የወሰደ ነገ ምን እንደሚወስድ ማን ያውቃል» ስትል ነበር።

ያደረው ጥርጣሬ ግን ወደ አጎቴ ዞረ። ጠዋት መጥቶ ነበር። ድመቱ ቢጠፋ የሚጠቀመው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አጽናኝ እሱ ነው፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሲያጽናናት የኖረ። «አየሽ፣ የሚያጽናናውን ጠርጥር» አለችኝ በጆሮዬ፣ ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ሆነን እንኳ።

እሑድ አጎቴ ቤት ሄድን። ሚስቱ በሩን ከፍታ ስታየን ደነገጠች። ዝም ብለን የምንመጣ ሰዎች አይደለንም፣ ስለዚህ መደንገጧ አይገርምም፤ አክስቴ ግን በክርኗ ነካችኝ። አጎቴ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሏል፤ ሱሪው ጉልበት ላይ ግራጫ ጸጉር አለ። ጸጉሩን በሁለት ጣቷ አንስታ ለብርሃን አሳየችው። ትናንት ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ነበር አይደል ወይ፣ አላት፤ እውነቱን ነው። ከጓዳ በኩል አንድ የተዘጋ በር አለ። አክስቴ በሩን አየችው። የአጎቴ ሚስት በሩን ስታይ አየቻት። ከዚያ ሁለቱም እኩል ተነሱ።

«እዚያ አትግቢ፣ ገና አላለቀም» አለች የአጎቴ ሚስት።

አክስቴ ከፈተችው። ድመት የለም። አልጋ ነው ያለው። አዲስ አንሶላ የተነጠፈበት፣ ራስጌው ላይ ትንሽ ሬዲዮ የተቀመጠበት አልጋ። መስኮቱ ላይ አክስቴ የምትወደው ዓይነት ሰማያዊ መጋረጃ ተሰቅሏል። ግድግዳው ላይ የባሏ ፎቶ። ይሄን ፎቶ ከየት እንዳመጡት እንጃ። ነገሩ ሁሉ ደግነት ይመስላል፤ ደግነትም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልጋውን ሳየው ሰው ሳይሞት የተቆፈረ ጉድጓድ መሰለኝ።

አጎቴ ከኋላችን መጥቶ፣ ሰኞ ሱቁን ሊያይ የሚመጣ ተከራይ እንዳለ፣ ሰውየው ጨዋ እንደሆነ፣ ድመቱም ከጠፋ እንግዲህ... አለና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። አክስቴ ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እሺ» አለችው። እሺ ብቻ። ቤት ስንገባ ሳህኑን አጥባ ገልብጣ አስቀመጠችው። መጽሐፉን ከራስጌዋ አንስታ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። የሱቁን ቁልፍ ነገ ለወንድሜ እሰጠዋለሁ አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ ገባን፣ ዕቃ ለመሰብሰብ ነው። መዶሻውን በጨርቅ ትጠቀልላለች፣ ትፈታዋለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች። እንድትስቅ ብዬ ቀለም ቀቢውን ሆንኩላት፤ አልሳቀችም። አጎቴን ሆኜ በመሐረብ አስነጠስኩ፤ ተይ አለችኝ። ከዚያ ግን መዶሻውን ይዛ ቆም አለች።

«ባለ ካባውን ሁኚ» አለች።

«ለምን?»

«ጠይቂኛ። ይሄን ሁሉ ሰው ስጠይቅ ከረምኩ፤ እኔን የጠየቀኝ የለም።»

እንደዚህ ያለ ነገር ባለ ካባው ራሱ አድርጎ አያውቅም። ስንት ጊዜ ስንሰማው ሌባ ጠርጥሯል፣ ሚስት ጠርጥሯል፣ ቄስ ጠርጥሯል፣ ራሱን የጠረጠረበት ቅዳሜ ግን የለም። ድምፄን ወደ በርሜሉ አወረድኩትና ከኋላዋ ዞርኩ።

«እመቤቴ፣ ድመቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት የት ነበር?»

«እዚህ። ስፖንጁ ላይ ተኝቶ።»

«የትኛው ስፖንጅ?»

«ለሐኪሟ ሶፋ የተቆረጠው... አይ፣ እሱን አንስቼ ገጠምኩት። ከላዩ አውርጄዋለሁ።»

«ሲወርድ ወዴት ሄደ?»

«አላየሁም። ሶፋውን ገልብጠነው ነበር። ሬዲዮው ጀምሯል።»

«ጥቁሩን ጨርቅ ማን መታው?»

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን ይመታዋል?»

«ከመምታትዎ በፊት ወደ ውስጥ አይተዋል?»

ዞሬ ፊቷን ሳየው አመድ መስሏል።

«በጣቴ ነው የምመታው» አለች ቀስ ብላ። «ጠርዙን በጣቴ እየዳበስኩ። ባለ ካባው እያወራ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማው። መዶሻው መንገዱን ያውቀዋል።»

የሶፋው ክንድ ውስጡ ባዶ ነው፤ ሞቃት፣ ጨለማ፣ ለድመት ቤተ መንግሥት ነው። ምክትል በመዶሻ ድምፅ ያደገ ድመት ስለሆነ ምስማር ሲመታ አይነቃም። የነቃው መኪናው ሲነሳ ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ የሹፌሩ ዘፈን ነበር። እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይሄ ነው። ስፖንጅ ተሸካሚውም፣ አጽናኙም ንጹሕ ሆነው፣ ጥፋተኛዋ መርማሪዋ ራሷ።

አክስቴ ጉጠቷን ነጥቃ ወጣች። በሩን እንኳ አልዘጋንም።

ክሊኒኩ ስንደርስ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ቆመዋል። አዲሱ ሶፋ ላይ የተቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጉንጩ ያበጠ፣ አገጩን በሻርፕ ያሰረ ሽማግሌ። አክስቴ ይነሱልኝ አለችው። ሽማግሌው ቀድሜ ነው የመጣሁት አለ። ተራዎን አልፈልግም፣ ሶፋውን ነው፣ አለችው። በዚህ መሐል ከሽማግሌው ሥር ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ ተሰማ።

«ይሄ ነገር የእኔ ጥርስ አይደለም እንዴ?» አለ ሽማግሌው።

ሐኪሟ ጭንብሏን አገጯ ላይ አውርዳ ወጣች። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ እየተነሳ ሲቆም፣ ፍርሃት ነው ብላ ዝም ብላ ነበር፤ ጥርስ ሊነቀል የመጣ ሰው ብዙ ነገር ይሰማል አለች። እኔና ሽማግሌው ሶፋውን ገለበጥነው። ተንበርክካ በጉጠቱ ምስማሩን ትነቅል ጀመር፤ የራሷ ሥራ ጠንካራ ነው፣ አልለቅም አላት። ጨርቁ ጥግ ላይ ሲከፈት እጇን እስከ ትከሻዋ አስገባች፣ ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ ትንፋሿ ወጣ።

ምክትል በስፖንጅ ብናኝ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከመዳፏ ውሃ ጠጣ። የሽማግሌውን ጫማ አሸተተ፣ የሐኪሟን አሸተተ፣ አክስቴን ግን ሳያሸት ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። መጠርጠር ያለበትን አውቋል። አክስቴም አልተቀየመችም፤ «እውነቱን ነው» ብላ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ሱቁ ስንመለስ አጎቴ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ከጨዋው ተከራይ ጋር። ተከራዩ ግድግዳውን በስንዝር እየለካ ነው። አጎቴ ድመቱን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የሆነውን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ።

«እታለም፣ አየሽ? እኔ ክፉ አይደለሁም። ዛሬ ድመት ሶፋ ውስጥ በምስማር ቆለፍሽ፤ ነገ ካውያ ረስተሽ ሱቁን ብታቃጥይውስ? ብቻሽን መሆን አትችይም።»

ቃሉ እውነት ስላለበት ነው የከበደው። አክስቴ ምክትልን ስፖንጁ ላይ አስቀመጠችና ወንድሟን እስክትጠግብ አየችው።

«የዘጋሁበት እኔ ነኝ» አለች። «ማን እንደዘጋበት ያወቅሁትም እኔ ነኝ። ያወጣሁትም እኔ ነኝ። አንተ በየትኛው ላይ ነህ ብቻሽን አትችይም የምትለኝ?»

ከእንግዲህ ሶፋ ሳትዘጋ ራሷን እስከ አንገቷ አስገብታ እንደምታይ፣ ዓይኗን የምትጨፍነው ባለ ካባው ካለቀ በኋላ እንደሆነ ነገረችው። ስለ ክፍሉ አመሰገነችው፤ መጋረጃው እንዳማራት፣ ክፍሉም እንግዳ ሲመጣባቸው እንደሚጠቅማቸው ነገረችው። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ እጇም ኪሷ ውስጥ ነበር፤ አላወጣችውም። በድምፁ ብዛት ቀለም ቀቢው ብቅ ሲል ወደ እሱ ዞረች። በድመቱ የጠረጠርኩህ በስህተት ነው፣ ይቅርታ አለችው። «ስፖንጁን ግን ወስደሃል» ብላ ጨመረችበት።

ተከራዩ ስንዝሩን ሰብስቦ ሹልክ አለ። አጎቴ ትንሽ ቆመ። የሚከራከር መስሎኝ ነበር፤ እንደ ደስታሽ፣ አለና የአክስቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሄደ።

አክስቴ እስከ ማዕዘኑ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። «ቶሎ ተስማማ» አለች። «ሂጂ እስቲ፣ ሩቅ ሆነሽ ተከተይው።»

ተከተልኩት። አጎቴ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆሞ መሐረቡን አወጣና ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። የድመቱ ጸጉር ይሁን ሌላ ነገር ከሩቅ አይለይም፤ ቀርቤ ልጠይቀውም አልፈለግሁም። ተመልሼ አውቶቡስ ጠብቆ እንደሄደ ነገርኳት።

አክስቴ አዲስ ጨርቅ እየዘረጋች ነበር። ቀና ሳትል «ወዴት የሚሄደውን አውቶቡስ?» አለችኝ።